የሳንባ ካንሰርና በቤተ ሙከራ የሚያድገው ዕጢ

ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ የደቡብ ጎንደር ዞን ዋና ከተማ ናት። ከከተማዋ በስተደቡብ ምሥራቅ ከ4 ሺህ 100 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጉና ተራራ ይገኛል። በጉና ዙሪያ፣ በፋርጣና በላይ ጋይንት ደጋማ ቀበሌዎች ብርዱ ብርቱ በመሆኑ ምድጃው ምግብ ከማብሰል ባሻገር ቤት ለማሞቅም ያገለግላል። ማገዶው ኩበት፣ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ነው። የጭስ መውጫ በሌለው ቤት ውስጥ እንጀራ የምትጋግር እናት ብትስል የሚደነቅ የለም፤ ሳሉ ለወራት ቢቆይም «ጭሱ ነው፣ ብርዱ ነው» ተብሎ ይታለፋል።

ሳሉ እየበረታ፣ አክታው ደም እየቀላቀለና ሰውነት እየከሳ ሲሄድ ደግሞ ቀድሞ የሚጠረጠረው ቲቢ ነው። ቲቢ በአገራችን በስፋት የሚገኝ በሽታ በመሆኑ ጥርጣሬው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ተመሳሳይ ምልክት የሚያሳይ፣ በቲቢ መድኃኒት ግን የማይድን ሌላ በሽታ አለ። እርሱም የሳንባ ካንሰር ነው።

የሁለቱ በሽታዎች ስም ራሱ ለመደናገር የተመቸ ነው። «ነቀርሳ» የሚለው ቃል በአማርኛ ለካንሰር ያገለግላል፤ «የሳንባ ነቀርሳ» ሲባል ግን በተለምዶ የሚታወቀው ቲቢ ነው። ቲቢ በባክቴሪያ አማካይነት ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍና መድኃኒቱን ካልተላመደ በስድስት ወር ሕክምና የሚድን በሽታ ነው። የሳንባ ካንሰር ግን የሰውነት የራሱ ሕዋሳት ከሥርዓት ውጭ መራባት ሲጀምሩ የሚከሰት እንጂ ከሰው ወደ ሰው የሚጋባ አይደለም። የአክታ ምርመራ ቲቢ የለም እያለ፣ ሕክምናውም ለውጥ ሳያመጣ መድኃኒቱን መደጋገም ለካንሰር ታማሚ የማይመለስ ጊዜን ማባከን ይሆናል።

ይህ ጽሑፍ በዓለም የካንሰር ምርምር ውስጥ ሰፊ ቦታ እየያዘ የመጣውን፣ ከታማሚው ዕጢ ናሙና ወስዶ በቤተ ሙከራ የማሳደግ ዘዴ ምንነትና ጥቅም፣ ገደቦቹንም ያብራራል። ዘዴው ለደቡብ ጎንደርና ለመሰል አካባቢዎች ትርጉም እንዲኖረው በቅድሚያ መሟላት ያለባቸውን ጉዳዮችም ያመለክታል።

የበሽታው ስፋት

የዓለም ጤና ድርጅት አካል የሆነው ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ባወጣው ግምት መሠረት እ.ኤ.አ በ2022 በዓለም ላይ 2 ነጥብ 5 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በሳንባ ካንሰር ተይዘዋል፤ 1 ነጥብ 8 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ደግሞ በዚሁ በሽታ ሞተዋል። የሳንባ ካንሰር በሚይዛቸውም ሆነ በሚገድላቸው ሰዎች ብዛት ከሁሉም የካንሰር ዓይነቶች ቀዳሚው ነው።

በኢትዮጵያ በየዓመቱ 80 ሺህ ያህል ሰዎች በልዩ ልዩ የካንሰር ዓይነቶች እንደሚያዙ የኤጀንሲው ግምት ያሳያል። በአገራችን በብዛት የሚታዩት የጡትና የማሕፀን በር ካንሰር ሲሆኑ የሳንባ ካንሰር በቁጥር ከእነርሱ ያነሰ ነው። ሆኖም በሽታው ሲጀምር ሕመም ስለማይሰማና ምልክቶቹም ከሌሎች የሳንባ በሽታዎች ጋር ስለሚመሳሰሉ አብዛኞቹ ታማሚዎች ወደ ሕክምና የሚደርሱት ከተስፋፋ በኋላ ነው።

የሳንባ ካንሰር አንድ ዓይነት በሽታ አይደለም። ከታማሚዎቹ 85 በመቶ ያህሉ «ትንሽ ሕዋስ ያልሆነ» የሚባለው ዓይነት፣ 15 በመቶ ያህሉ ደግሞ በፍጥነት የሚሰራጨው «ትንሽ ሕዋስ» የሚባለው ዓይነት አለባቸው። የመጀመሪያው ዓይነት ራሱ በልዩ ልዩ ክፍሎች የሚከፋፈል ሲሆን በአጉሊ መነጽር ሲታዩ አንድ የሚመስሉ ሁለት ዕጢዎች በውስጣቸው ያለው የዘረመል ለውጥ ፍጹም ሊለያይ ይችላል። ለምሳሌ «ኢጂኤፍአር» በተባለው ጂን ላይ ለውጥ ያለበት ዕጢ ኤርሎቲኒብና ጌፊቲኒብ በተባሉት በአፍ የሚወሰዱ መድኃኒቶች ሊቀንስ ይችላል፤ ለውጡ የሌለበት ዕጢ ግን ለእነዚሁ መድኃኒቶች ይህን የመሰለ ምላሽ አይሰጥም። ይህ የጂን ለውጥ ሲጋራ አጭሰው በማያውቁ ሰዎች፣ በተለይም በሴቶች ላይ ይበልጥ እንደሚታይ በልዩ ልዩ አገራት የተካሄዱ ጥናቶች አረጋግጠዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እነዚህን መድኃኒቶች እ.ኤ.አ በ2019 በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አካቷቸዋል።

የመድኃኒት ምርጫ ጉዳይ ክብደቱ የሚታየው በታማሚው ኑሮ ላይ ነው። በተለመደው አሠራር ታማሚው ለበሽታው ዓይነት የተመረጠለትን የኬሞቴራፒ መድኃኒት ለሁለት ወይም ለሦስት ዙር ከወሰደ በኋላ ዕጢው መቀነሱና አለመቀነሱ በሲቲ ስካን ይታያል። ካልቀነሰ መድኃኒቱ ይለወጣል። በሬውን ሸጦ፣ ከዘመድ ተበድሮ ባሕር ዳር፣ ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ድረስ የተጓዘ አርሶ አደር የማይሠራ መድኃኒት ሲወስድ ከቆየ ያጣው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ለቀጣዩ ሕክምና የሚያስፈልገውን አቅምና ጊዜም አጥቷል። የኦርጋኖይድ ምርምር ሊመልሰው የተነሣው ጥያቄም መድኃኒቱ በታማሚው ላይ ከመሞከሩ በፊት በዕጢው ላይ መፈተን ይቻላል ወይ የሚለው ነው።

ኦርጋኖይድ ምንድን ነው?

ኦርጋኖይድ ማለት «አካል መሰል» እንደማለት ነው። ከሰው አካል ከተወሰዱ ሕዋሳት በቤተ ሙከራ ውስጥ የሚያድግ፣ የተወሰደበትን አካል አወቃቀርና ጠባይ በከፊል የሚይዝ ጥቃቅን የሕዋሳት ክምችት ነው። ከካንሰር ዕጢ ሲዘጋጅ የዕጢ ኦርጋኖይድ ይባላል። አንዱ ኦርጋኖይድ ከጤፍ ፍሬ ያነሰ ሲሆን በአጉሊ መነጽር ሲታይ ክብ ኳስ ወይም የወይን ዘለላ ይመስላል።

ከዚህ በፊት ተመራማሪዎች ለአሠርት ዓመታት ሲገለገሉ የኖሩት በጠፍጣፋ ሳህን ላይ በሚያድጉ የካንሰር ሕዋሳት ነው። በሳንባ ካንሰር ምርምር በዓለም ዙሪያ የሚታወቀው «ኤ549» የተባለው የሕዋስ ዘር የተገኘው እ.ኤ.አ በ1972 ከአንድ ታማሚ ዕጢ ነው። እንዲህ ያሉ ሕዋሳት ለማራባት ቀላል ናቸው። ሆኖም ለብዙ ዓመታት ከአካል ውጭ በመራባታቸው ከመጀመሪያው ዕጢ ጠባይ ርቀዋል፤ በዕጢው ውስጥ የነበረውን የሕዋሳት ስብጥርም አያሳዩም። በአይጥ ላይ የሚደረገው ሙከራ ደግሞ ወራትን የሚወስድና ወጪው ከፍተኛ ነው። ኦርጋኖይድ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት ለመሙላት የመጣ ዘዴ ነው።

የዘዴው መነሻ የአንጀት ምርምር ነው። እ.ኤ.አ በ2009 በኔዘርላንድስ ዩትሬክት ከተማ በሚገኘው የሁብሬክት ተቋም ተመራማሪዎቹ ቶሺሮ ሳቶና ሃንስ ክሌቨርስ ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር በመሆን ከአይጥ አንጀት የተወሰደ አንድ ግንደ ሕዋስ በትክክለኛው አካባቢ ሲቀመጥ ራሱን ችሎ የአንጀት መሰል አወቃቀር እንደሚሠራ አሳዩ። ዘዴው በቀጣዮቹ ዓመታት ለሰው አንጀት፣ ለጉበት፣ ለቆሽትና ለሌሎችም ዋለ። ወደ ሳንባ የመጣው ዘግየት ብሎ ሲሆን እ.ኤ.አ በ2019 እዚያው ዩትሬክት የሰው አየር ቧንቧ ኦርጋኖይድ ለረጅም ጊዜ ማሳደግ መቻሉ ይፋ ሆነ። በዚያው ዓመት በደቡብ ኮሪያ ሴኡል የአሳን ሕክምና ማዕከል ተመራማሪዎች አምስት ዓይነት የሳንባ ካንሰሮችን የሚወክሉ 80 የዕጢ ኦርጋኖይዶችን የያዘ ሕያው የናሙና ባንክ ማዘጋጀታቸውን አስታወቁ።

አዘገጃጀቱ

ሥራው የሚጀምረው ከታማሚው ናሙና በመውሰድ ነው። ናሙናው በቀዶ ሕክምና ከወጣ ዕጢ፣ በአፍ ወይም በአፍንጫ ገብቶ የአየር ቧንቧን በሚያሳይ ብሮንኮስኮፕ በተባለ መሣሪያ፣ ወይም ከደረት ውጭ በሚገባ መርፌ ሊወሰድ ይችላል። በሽታው ተስፋፍቶ በሳንባ ዙሪያ ፈሳሽ የተጠራቀመ እንደሆነ ከሚቀዳው ፈሳሽ ውስጥ የካንሰር ሕዋሳትን መለየት ይቻላል። ፈሳሹ ታማሚው እንዲተነፍስ ሲባል መቀዳቱ ስለማይቀር ይህ መንገድ ተጨማሪ ሕመም የሌለው ነው።

ቁራጩ በደቃቁ ተከትፎ ሕዋሳቱን ከሚያላቅቅ ኢንዛይም ጋር ይደባለቃል። የተላቀቁት ሕዋሳት ልዩ ጠባይ ባለው ጄል ውስጥ ይከተታሉ። በስፋት የሚሠራበት ጄል ከአይጥ ዕጢ የሚዘጋጅ ሲሆን ከቅቤ በተቃራኒ በቅዝቃዜ ይፈሳል፣ በሙቀት ይረጋል። ስለሆነም ባለሙያው በበረዶ ላይ ይሠራና ጠብታውን በሳህኑ ላይ ካኖረ በኋላ በሰው ሰውነት ሙቀት፣ ማለትም በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲረጋ ያደርገዋል። ከዚያም ዕድገትን የሚያግዙ ንጥረ ነገሮች ያሉት ፈሳሽ ይጨመርበታል፤ ፈሳሹ በየጥቂት ቀናቱ ይለወጣል። የካርቦን ዳይኦክሳይዱ መጠንም በአብዛኛው በ5 በመቶ ይጠበቃል።

ናሙናው ከተስማማው ኦርጋኖይዶቹ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ለሙከራ ይደርሳሉ። በዚህ ጊዜ ከታማሚው ዕጢ ጋር አንድ መሆናቸው በአጉሊ መነጽርና በዘረመል ምርመራ መረጋገጥ አለበት። ከተረጋገጠ በኋላ 96 ወይም 384 ጥቃቅን ጉድጓዶች ባሉት ሳህን ላይ ተከፋፍለው በየጉድጓዱ ልዩ ልዩ መድኃኒት በልዩ ልዩ መጠን ይጨመርባቸዋል። ሕይወት ያላቸው ሕዋሳት የሚይዙት የኃይል ንጥረ ነገር ብርሃን በሚፈጥር ኬሚካል ስለሚለካ የትኛው መድኃኒት ዕጢውን እንደገደለና የትኛው እንዳልነካው ከብርሃኑ መጠን ይታወቃል። የተረፈው ኦርጋኖይድ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ተቀምጦ ለዓመታት መቆየት ይችላል።

ለምን ይጠቅማል?

የመጀመሪያው ጥቅም መድኃኒት መምረጥ ነው። በለንደን የካንሰር ምርምር ተቋም ተመራማሪዎች የተመራና እ.ኤ.አ በ2018 የታተመ ጥናት የተስፋፋ የሆድ ዕቃ ካንሰር ካለባቸው ታማሚዎች የተዘጋጁ ኦርጋኖይዶችን ምላሽ ታማሚዎቹ ራሳቸው ካሳዩት ውጤት ጋር አነጻጽሯል። ኦርጋኖይዱ «ይህ መድኃኒት ይሠራል» ባለባቸው ጊዜያት 88 በመቶው ትክክል ሆኖ ተገኝቷል። «አይሠራም» ባለባቸው ጊዜያት ደግሞ ትንበያው በሙሉ ትክክል ነበር። ጥናቱ የተካሄደው በጥቂት ታማሚዎች ላይ ቢሆንም የማይጠቅምን መድኃኒት አስቀድሞ ለይቶ ማስቀረት የሚጠቅመውን የማግኘት ያህል ዋጋ እንዳለው አመላክቷል። በሳንባ ካንሰር ላይም ከዕጢና በሳንባ ዙሪያ ከሚጠራቀም ፈሳሽ በተዘጋጁ ኦርጋኖይዶች ተመሳሳይ ጥናቶች በቻይና፣ በኮሪያና በአውሮፓ ተካሂደዋል።

ዘዴው ከምርምር አልፎ ለሕክምና የዋለበት ምሳሌም አለ። በኔዘርላንድስ ሲስቲክ ፋይብሮሲስ የተባለ በዘር የሚተላለፍ የሳንባ በሽታ ላለባቸው ሰዎች ከፊንጢጣ አካባቢ ከሚወሰድ ጥቂት ናሙና ኦርጋኖይድ በማዘጋጀት ውድ የሆነው መድኃኒት ለማን እንደሚጠቅም ለመለየት ተችሏል። በሽታው ካንሰር ባይሆንም የአሠራሩን ተግባራዊነት ያሳያል።

ሁለተኛው ጥቅም አዳዲስ መድኃኒቶችን መፈተን ነው። በአሜሪካ አዲስ መድኃኒት በሰው ላይ ከመሞከሩ በፊት በእንስሳት ላይ የግድ ይፈተን የሚለው ድንጋጌ እ.ኤ.አ በታኅሣሥ ወር 2022 በወጣ ሕግ ቀርቷል። የአገሪቱ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም እ.ኤ.አ በ2025 በአንዳንድ መድኃኒቶች ላይ የእንስሳት ሙከራን በሂደት እንደሚቀንስና እንደ ኦርጋኖይድ ያሉ ዘዴዎችን እንደሚያበረታታ አስታውቋል።

ሦስተኛው የበሽታውን መነሻ መመርመር ነው። ከጤነኛ የአየር ቧንቧ የተዘጋጀ ኦርጋኖይድ ለሲጋራ ጭስ ቅማሚ ሲጋለጥ በሕዋሳቱ ላይ የሚደርሰውን ለውጥ ደረጃ በደረጃ መከታተል ይቻላል። ይኸው አካሄድ ለኩበትና ለባሕር ዛፍ ጭስ ሊውል የሚችል በመሆኑ ለኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች የተለየ ትርጉም አለው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የቤት ውስጥ የድንጋይ ከሰል ጭስን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያስከትል ከተረጋገጡት ምድብ ያስቀመጠው ሲሆን በዋነኛነት የእንጨት ጭስን ደግሞ ካንሰር የማስከተል ዕድሉ ከፍተኛ ነው ከሚባሉት ምድብ አስቀምጦታል። በእንጨት ጭስ ላይ የቀረውን ጥያቄ ለመመለስ እንዲህ ያሉ ጥናቶች ይረዳሉ።

ገደቦቹ

ኦርጋኖይድ ዛሬ ባለበት ደረጃ የሳንባ ካንሰር መደበኛ ሕክምና አካል አይደለም። ኃላፊዎችም ሆኑ ታማሚዎች ይህንን መገንዘብ ይኖርባቸዋል። ኦርጋኖይድ ራሱ መድኃኒት አይደለም፤ መድኃኒት መፈተኛ ነው። «ዕጢህን በቤተ ሙከራ አሳድገን እናድንሃለን» የሚል ማስታወቂያ የሚያቀርብ ካለ በጥንቃቄ ሊታይ ይገባል።

ቀዳሚው ችግር የንጽሕና ነው። ከሳንባ ከሚወሰድ ናሙና ጋር ጤነኛ የአየር ቧንቧ ሕዋሳት አብረው ይመጣሉ፤ በቤተ ሙከራ ውስጥ ደግሞ ጤነኞቹ ብዙውን ጊዜ ከካንሰሩ ሕዋሳት ፈጥነው ያድጋሉ። እርሻን አረም እንደሚውጠው ማለት ነው፤ ልዩነቱ እዚህ ላይ አረሙ ጤነኛው ሕዋስ መሆኑ ነው። በአምስተርዳም የኔዘርላንድስ ካንሰር ተቋም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ በ2020 ባሳተሙት ጥናት በሳንባ ውስጥ ከሚገኙ ዕጢዎች ከወሰዷቸው ናሙናዎች ንጹሕ የካንሰር ኦርጋኖይድ ማግኘት የቻሉት 17 በመቶ ከሚሆኑት ብቻ ነው። የሴኡሉ ቡድን በበኩሉ ጤነኛ ሕዋሳት እንዳያድጉ የሚገታ የዕድገት ፈሳሽ ተጠቅሟል። ማንነቱ ሳይረጋገጥ በተፈተነ ኦርጋኖይድ መድኃኒት መምረጥ ግን ታማሚውን ለጉዳት ይዳርጋል።

ሁለተኛው የጊዜ ጉዳይ ነው። የተስፋፋ የሳንባ ካንሰር ያለበት ታማሚ ውጤቱን ለብዙ ሳምንታት መጠበቅ አይችልም። ሦስተኛው ደግሞ ኦርጋኖይድ የደም ሥርም ሆነ በሽታ ተከላካይ ሕዋሳት የሌሉት መሆኑ ነው። በመሆኑም የሰውነትን በሽታ የመከላከል ኃይል የሚያነቃቁ መድኃኒቶችን ብቻውን ሊፈትን አይችልም። ይህንን ለማሻሻል እ.ኤ.አ በ2018 የአምስተርዳም ተመራማሪዎች የታማሚውን የደም ነጭ ሕዋሳት ከራሱ ዕጢ ኦርጋኖይድ ጋር አብሮ በማሳደግ ካንሰሩን እንዲያጠቁ ማድረግ እንደሚቻል አሳይተዋል። ሥራው ግን ከፍተኛ ሙያና ወጪ ይጠይቃል።

ከደብረ ታቦር እስከ ቤተ ሙከራው

ይህ ሁሉ ለደቡብ ጎንደር ሩቅ ሊመስል ይችላል። ይሁንና የሥራው የመጀመሪያ እርምጃ የሚከናወነው ሕዋስ በሚያድግበት ቤተ ሙከራ ሳይሆን ናሙና በሚወሰድበት ሆስፒታል ነው።

ለምሳሌ ያህል ሲጋራ አጭሰው የማያውቁ፣ ዕድሜያቸው በሃምሳዎቹ የሚገኝ አንዲት የላይ ጋይንት እናት ለወራት ሲያስላቸው ቆይቶ ወደ ጤና ጣቢያ መጡ እንበል። የአክታ ምርመራው ቲቢ አላሳየም። የጤና ጣቢያው ባለሙያ ሳሉን በጭስ አሳብቦ ካልመለሳቸው እኒህ እናት ወደ ደብረ ታቦር ኮምፕርሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይላካሉ። በራጅ ሳንባቸው ላይ ጥላ ታየ፤ ከሳንባቸው ዙሪያ ፈሳሽም ተቀዳ። ከዚህ በኋላ የሚሆነው ሁሉ የተቀዳው ፈሳሽና የተወሰደው ናሙና በምን እንደሚቀመጥ ይወሰናል።

በሆስፒታሎች የተለመደው የናሙና ማቆያ ፎርማሊን ነው። ፎርማሊን ናሙናውን ከመበስበስ ስለሚጠብቅ ለፓቶሎጂ ምርመራ አስፈላጊ ነው። ነገር ግን ሕዋሳቱን ይገድላቸዋል። ፎርማሊን ውስጥ የገባ ዕጢ በአጉሊ መነጽር ይታያል እንጂ አይበቅልም፤ እንደተቆላ እህል ነው። ለኦርጋኖይድ የሚሆነው ናሙና ግን በንጹሕ ሁኔታ ተወስዶ በቀዝቃዛ የሕዋስ ማቆያ ፈሳሽ ውስጥ መቀመጥና በተቻለ መጠን በአንድ ቀን ውስጥ ቤተ ሙከራ መድረስ አለበት። በመሆኑም አንዱ ቁራጭ ለሁለት ተከፍሎ፣ አንዱ ለምርመራ ወደ ፎርማሊን፣ ሌላው ለምርምር ወደ ቀዝቃዛው ፈሳሽ መግባት ይኖርበታል። ናሙናው አነስተኛ ከሆነ ቅድሚያ የሚሰጠው ለታማሚዋ የበሽታ ምርመራ እንጂ ለምርምሩ አይደለም።

ደብረ ታቦር ከባሕር ዳር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ናሙና በማለዳ ተነሥቶ ከባሕር ዳር በአውሮፕላን አዲስ አበባ ቢላክ በዕለቱ ሊደርስ ይችላል። ይህ የሚሆነው ግን መንገዱ ሰላም ሲሆን ነው። ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የተፈጠረው የጸጥታ ችግር የሕሙማንንም ሆነ የሕክምና ቁሳቁሶችን ጉዞ አዳጋች አድርጎታል። ለናሙና አንድ ቀን መዘግየት ሕይወቱን ማጣት ነው፤ ለታማሚ የወራት መዘግየትም ከዚያ የተለየ አይደለም።

በአገር ውስጥ ለመነሻ የሚሆኑ ተቋማት አሉ። በ1962 ዓ.ም የተቋቋመው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም በሥጋ ደዌና በቲቢ ምርምር የረጅም ዘመን ልምድ አለው። በ2008 ዓ.ም የኢትዮጵያ ባዮቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተብሎ የተመሠረተውና በኋላ ስሙ የተለወጠው የባዮና ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በዘርፉ የሚሠራ የመንግሥት ተቋም ነው። ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የጨረር ሕክምና መስጫ የነበረው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከ2004 ዓ.ም ጀምሮ የአዲስ አበባን የካንሰር ምዝገባ ሲያካሂድ ቆይቷል። በአማራ ክልልም የጎንደርና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች የማስተማሪያ ሆስፒታሎች የሚገኙ ሲሆን በ2004 ዓ.ም ማስተማር የጀመረው የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞችንና የላቦራቶሪ ባለሙያዎችን እያፈራ ነው።

ከደብረ ታቦር ከተማ አቅራቢያ የሚገኘው ጋፋት ለዚህ ጉዳይ ትምህርት ይሰጣል። ዓፄ ቴዎድሮስ እ.ኤ.አ በ1860ዎቹ በውጭ አገር ባለሙያዎች መድፍ ያሠሩት በዚያ ሥፍራ ነበር። መድፉ ተሠራ፤ ሙያው ግን ከንጉሠ ነገሥቱ በኋላ የሚያስቀጥለው አላገኘም። አንድን መሣሪያ ከውጭ አምጥቶ መትከል ብቻውን ቴክኖሎጂን አያስገኝም፤ መሣሪያውን የሚያንቀሳቅስ ባለሙያ፣ ጄሉንና የዕድገት ፈሳሹን በቅዝቃዜ ጠብቆ የሚያቀርብ የግዥና የማጓጓዣ ሥርዓት፣ ለናይትሮጅኑ ማቆያና ለማሳደጊያው የማይቋረጥ ኃይል ያስፈልጋል።

የታማሚው ፈቃድ

በሕይወት እንዲቆይ የሚደረግ ናሙና ከተራ የላቦራቶሪ ናሙና የተለየ ጥያቄ ያስነሣል። እ.ኤ.አ በ1951 በአሜሪካ ሄንሪታ ላክስ ከተባሉ የማሕፀን በር ካንሰር ታማሚ ያለፈቃዳቸው የተወሰዱ ሕዋሳት እስከ ዛሬ ድረስ በዓለም ቤተ ሙከራዎች እየተራቡ ይገኛሉ። ቤተሰባቸው ከሕዋሳቱ ከተጠቀመ አንድ ኩባንያ ጋር በስምምነት ክርክሩን የቋጨው ከ72 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ በ2023 ነው።

በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ በ2014 የወጣው ብሔራዊ የምርምር ሥነ ምግባር መመሪያ ተመራማሪዎች የተሳታፊውን ፈቃድ እንዲያገኙ፣ ናሙና ወደ ውጭ ሲላክም የናሙና ዝውውር ስምምነት እንዲኖር ይጠይቃል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የጤና መረጃን የተለየ ጥበቃ ከሚያስፈልጋቸው መረጃዎች ይመድባል። ሆኖም ፈቃድ ማለት ወረቀት ላይ ጣት ማሳረፍ ብቻ አይደለም። ለታማሚዋ እናት ከሰውነታቸው የተወሰደው ቁራጭ ከእርሳቸው ዕልፈት በኋላም ሊቆይና ሊያድግ እንደሚችል፣ ከእርሱ የሚገኘው ዕውቀት ለሌሎች እንጂ ምናልባት ለእርሳቸው እንደማይደርስ፣ እምቢ ቢሉም ሕክምናቸው እንደማይጓደል በሚገባቸው ቋንቋ ሊነገራቸው ይገባል።

በሌላ በኩል የአገራችን ታማሚዎች ናሙና ከምርምሩ ውጭ መቅረቱም ጉዳት አለው። በዓለም ላይ ያሉት የኦርጋኖይድ ባንኮች በአብዛኛው የአውሮፓ፣ የአሜሪካና የምሥራቅ እስያ ታማሚዎችን ናሙና የያዙ ሲሆን የአፍሪካውያን ድርሻ አነስተኛ ነው። የ«ኢጂኤፍአር» ለውጥ በምሥራቅ እስያ ታማሚዎች ላይ ከአውሮፓውያኑ በእጅጉ ይበልጣል። ይህም የአንዱ አካባቢ ውጤት እንዳለ ለሌላው እንደማይሠራ ያስረዳል። በጭስ ምክንያት የሚመጣ የደጋ ሴቶች የሳንባ ካንሰር በየትኛው መድኃኒት እንደሚረታ ማወቅ የሚቻለው የእነርሱ ዕጢ ሲጠና ነው።

መከላከል ይቀድማል

የትኛውም ቤተ ሙከራ ካንሰሩ ሳይመጣ የማስቀረትን ያህል አይጠቅምም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው የሳንባ ካንሰር ቀዳሚ መንስኤ ትምባሆ ነው። እ.ኤ.አ በ2016 በአገር አቀፍ ደረጃ የተካሄደ ጥናት ትምባሆ የሚጠቀሙት ኢትዮጵያውያን አዋቂዎች 5 በመቶ መሆናቸውን አሳይቷል። ይህ ቁጥር ዝቅተኛ ነው፤ ዝቅተኛ እንደሆነ እንዲቆይ ማድረግ ደግሞ የሕግ አስፈጻሚው ድርሻ ነው። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በሕዝብ መገልገያና በሥራ ቦታዎች ማጨስን ከልክሏል፤ ዕድሜያቸው ከ21 ዓመት በታች ለሆኑ ትምባሆ መሸጥን፣ ማስታወቂያውንም አግዷል፤ የማስጠንቀቂያ ሥዕልና ጽሑፍም የፓኬቱን 70 በመቶ እንዲሸፍን አዟል። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ደግሞ በእያንዳንዱ ፓኬት ላይ ታክስ ጨምሯል።

የምድጃ ጭስን በተመለከተ ማገዶ የሚቆጥቡት እንደ «ምርጥ» ያሉ የእንጀራ ምጣዶች፣ ማዕድ ቤትን ከመኝታ ቤት መለየት፣ የጭስ መውጫ ማበጀትና ደረቅ እንጨት መጠቀም ጭሱን ይቀንሳሉ። በደጋው ብርድ ግን ጭስ መውጫ ሙቀትንም ይዞ ስለሚወጣ ምክሩ የአካባቢውን ኑሮ ያገናዘበ መሆን ይኖርበታል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት የሚሰጡት ትምህርት እዚህ ላይ ከፍተኛ ቦታ አለው።

በአጠቃላይ የዕጢ ኦርጋኖይድ መድኃኒትን ከታማሚው በፊት በዕጢው ላይ ለመፈተን የሚያስችል፣ ገና በመጠናት ላይ ያለ ዘዴ ነው። ለደቡብ ጎንደር ሕዝብ የሚደርሰው ከታች ወደ ላይ ባለው ሰንሰለት ነው። ጤና ጣቢያው ቲቢ ያልሆነን ሳል ወደ ሆስፒታል ሲልክ፣ ሆስፒታሉ ናሙና በአግባቡ ወስዶ የምርመራውን ውጤት በወቅቱ ሲያገኝ፣ ዩኒቨርሲቲው ባለሙያ ሲያሠለጥን፣ የጤና ቢሮው የናሙና ማጓጓዣውን ሲያደራጅ፣ የምርምር ተቋማቱም ሥራቸውን ሲያቀናጁ ዘዴው መሬት ይይዛል። ቴክኖሎጂው እስኪደርስ እንኳ ከእነዚህ እርምጃዎች አብዛኞቹ ዛሬውኑ ሕይወት ያተርፋሉ። በፎርማሊን የተቀመጠው ቁራጭ በጊዜው ተመርምሮ ውጤቱ ለሐኪሙ ቢደርስ፣ የላይ ጋይንቷ እናት ቲቢ የሌለባቸው መሆኑ ታውቆ ትክክለኛውን ሕክምና ፈጥነው ማግኘት ይችላሉ።